ተራራን ከባልንጀራ ጋር ስለ መውጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ተራራ ነው። ተራራ ስልም ለምሳሌ ብቻ የሚጠራውን ማለቴ አይደለም፤ በእግር የሚወጣውን፥ ጕልበትን የሚያንቀጠቅጠውን፥ ትንፋሽን የሚያሳጥረውን እውነተኛውን ተራራ ነው። ይልቁንም የወጣትነት ብርታት ካለፈ በኋላ ከቀድሞ ባልንጀሮች ጋር ስለሚወጣው ተራራ እናገራለሁ። በዚህም ነገር የራሴን ጥፋት ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። ካህን ስሕተቱን በአደባባይ መናገሩ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ በመንገድ ላይ ከጕድጓድ ወድቆ የተነሣ ሰው ከኋላው ለሚመጣው ጕድጓዱን ማሳየት ይገባዋል ብዬ እመልስለታለሁ።

ተራራ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ታላቅ ስፍራ አለው። አብርሃም ልጁን ይስሐቅን ይዞ የሄደው ወደ ተራራ ነው። ሙሴ ሕግን የተቀበለው በተራራ ላይ ነው። ኤልያስ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው በኮሬብ ነው። ጌታችንም በተራራ ላይ አስተማረ፥ በተራራ ላይ ጸለየ፥ በተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን ገለጸ፥ ወደ ሰማይ ያረገውም ከደብረ ዘይት ነው። ነገር ግን ወደ ተራራ የወጡትን የቀደሙ አባቶች ዕድሜ ብንመረምር፥ ብዙዎቹ ወጣቶች አልነበሩም። ሙሴ በፈርዖን ፊት ቆሞ በተናገረ ጊዜ 80 ዓመቱ ነበረ፤ ወደ ሲና የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ናባው ተራራ ወጥቶ የተስፋይቱን ምድር ከሩቅ ሲያይ ደግሞ 120 ዓመቱ ነበረ።

ካሌብንም አስቡ። ምድረ ከነዓንን ይሰልል ዘንድ ሲላክ 40 ዓመቱ ነበረ። ከ45 ዓመት በኋላ ርስት በሚከፈልበት ጊዜ፥ የ85 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ወደ ኢያሱ ቀረበ። ለሽማግሌ የሚስማማው ለጥ ያለ ሜዳ፥ ውኃ የማይርቀው መስክ ነበረ። እርሱ ግን የለመነው ተራራማውን አገር፥ ኬብሮንን ነው። እንግዲህ ዕድሜዬ ገፍቷልና ከእንግዲህ ወዲህ ከደጃፌ አልርቅም የሚል ሁሉ ከካሌብ ይማር። እግዚአብሔር ዕድሜን የሚሰጠን ቍጭ ብለን እንድንቈጥረው ብቻ አይደለምና።

ሆኖም አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እናስተውል። ሙሴ ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ወደ ኰረብታው ራስ የወጣው ብቻውን አልነበረም፤ አሮንና ሖር አብረውት ወጥተው ነበር። እጆቹ በደከሙ ጊዜ ከበታቹ ድንጋይ አኑረው አስቀመጡት፤ አንዱ በዚህ፥ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስኪገባ ድረስ እጆቹን ደገፉ። ሙሴ ነቢይ ነው፤ ባሕር የከፈለ ነው፤ ነገር ግን እጁ እንደ ማንኛችንም እጅ ይዝል ነበር። ስለዚህ ዕድሜ ተራራን አይከለክልም፤ በዕድሜ የሚወጣ ተራራ ግን ያለ ወንድም አይወጣም። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ ለሌሎች አስተምር ነበር። በእግሬ የተማርሁት ግን በዝቋላ መንገድ ላይ ነው።

በ1982 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ሳለሁ በጎጃም በአንድ የቅኔ ቤት እማር ነበር። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደ ሆነ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ቍራሽ መለመን፥ ውሻን መከላከል፥ ሌሊት በጎጆ ተፋፍጎ ማደር ነው። በአንዲት ጎጆ አራት ሆነን እንኖር ነበር። ከአራታችን አንዱ በዕድሜም በትምህርትም ይበልጠን ነበርና አስነጋሪያችን ነበረ፤ እኛም ታላቃችን እንለው ነበር። ስሙን በአደባባይ ማንሣት ስለማይገባኝ ዛሬም ታላቃችን እያልሁ እተርክላችኋለሁ።

በዚያ ዓመት ለቀለብ ልመና ወደ ቆላ ወርደን ሳለ ንዳድ ያዘኝ። ሰውነቴ እንደ እሳት ነደደ፥ መልሶም እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ፤ መቆምም ተሳነኝ። ታላቃችን የራሱን ደበሎ አልብሶ፥ በጀርባው አዝሎ፥ ከጧት እስከ ቀትር ዳገቱን ወጥቶ ከጤና ጣቢያ አደረሰኝ። በዚያ መድኀኒት ተሰጠኝና ዳንሁ። እርሱ ግን ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም።

ከቅኔ ቤት በምንለያይበት ጊዜ አራታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ስእለት ተሳልን። እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጠን፥ ዝቋላ ተራራ ላይ አብረን በእግራችን ወጥተን የጻድቁን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም እንሳለማለን አልን። ከዚያ በኋላ ኑሮ በየአቅጣጫው በተነን። እኔ ቅስና ተቀበልሁ፤ አንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ አንዱ በእህል ንግድ ተሠማራ፤ ታላቃችን ወደ አገሩ ተመልሶ እያረሰ ቤተ ክርስቲያኑን ያገለግል ነበር። ስእለቱም እንደ ተረሳ ብድር ሆኖ ብዙ ዘመን ተቀመጠ። በ2010 ዓ.ም. የመምህራችን የየኔታ ተዝካር ሲወጣ ተገናኘን። ጠጕራችን ሸብቶ፥ ጥርሳችን ጐድሎ ተያየን፤ ሣቅን፥ አለቀስንም። ያን ጊዜ ታላቃችን ስእለቱን አስታወሰንና ለሚመጣው ጥቅምት ተቀጣጠርን።

ዝቋላን የማታውቁ ብትኖሩ ጥቂት ልንገራችሁ። ዝቋላ ከቢሾፍቱ ከተማ በስተ ደቡብ በሜዳ መካከል ለብቻው የቆመ፥ በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,989 ሜትር ነው። ራሱ እንደ ሳሕን ጐድጕዶ በውስጡ ምእመናን የሚባረኩበት ሐይቅ አለበት። በተራራው ላይ የጥድ ደን አለ፤ ጉሬዛም ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል። ሰማይ ጥርት ባለ ቀን ተራራው ከአዲስ አበባ ሆኖ ይታያል። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከግብፅ ምድር ወደ አገራችን መጥተው በዚያ ስለ ኢትዮጵያ እንደ ጸለዩ፥ አንበሶችና ነብሮችም እንደ ተከተሏቸው ገድላቸው ይነግረናል። ዕረፍታቸው መጋቢት 5 ቀን ነው፤ ይህ ቀን በዐቢይ ጾም ወራት ስለሚውል ግን ጥቅምት 5 ቀን በታላቅ ክብር ይከበራል፤ ሕዝቡም ከየአገሩ ይጐርፋል።

ጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. አራታችን በቢሾፍቱ ተገናኘን። እኔ 42 ዓመቴ ነበረ፤ ታላቃችን 58 ዓመቱ ነበረ። ነጋዴው ወንድማችን አስቀድሞ አስቦ መኪና አዘጋጅቶ ነበርና፥ «እስከ ላይ የሚያደርስ ጥርጊያ መንገድ አለ፤ ዕድሜያችንም አልፏል፤ በመኪና ብንወጣስ ምን ይመስላችኋል?» አለ። እኔ ቶሎ ብዬ፥ «ስእለታችን በእግር ነው፤ በመኪና የሚወጣ ስእለት ምን ዋጋ አለው?» አልሁ። ካህን የተናገረውን ነገር ማን ይመልሳል? ሁሉም ዝም አሉ። ታላቃችን ግን ቁርስ በቀረበበት ጊዜ ሁለት ጊዜ እጁን በደረቱ ላይ ሲያሳርፍ አይቼው ነበር። አይቼም አለፍሁት።

ተራራው ግርጌ በደረስን ጊዜ ታላቃችን ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ሰጠኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ አባ ይለኛል፤ እርሱ ብቻ የልጅነት አጠራሬን አልተወም ነበር። «አንተ ልጅ፥ ከልጅነትህ ጀምረህ ብርድ አትችልም። ከላይ ሌሊቱ ይከብዳል፤ ይህን ያዝ» አለኝ። «አንተስ?» አልሁት። «እኔ ገበሬ ነኝ፤ ነጠላዬ ይበቃኛል» አለኝ። ተቀብዬ በከረጢቴ ውስጥ አኖርሁት።

ጕዞውን ከቀኑ በ8 ሰዓት ጀመርን። መንገዱ በተሳላሚ ተሞልቶ ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት የልጅነታችንን ነገር እያነሣን፥ ቅኔ እየተቀባበልን ወጣን። ከዚያ በኋላ ዳገቱ በረታ፥ ጨዋታውም አነሰ። ታላቃችን ጥቂት ይራመዳል፥ ይቆማል፤ ጥቂት ይራመዳል፥ ይቀመጣል። እኔ ግን በጊዜ ደርሼ ከማኅሌቱ መቆም እፈልግ ነበር፤ የማውቃቸው ካህናትም በዚያ ይጠብቁኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ገና ብርቱ መሆኔንም ለራሴ ማሳየት ፈልጌ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሜ ወደ ታች፥ «ቀስ ብላችሁ ኑ፤ እኛ ከላይ እንጠብቃችኋለን» ብዬ ጮኽሁና ከመምህሩ ጋር ፊት ፊት ሄድሁ። ነጋዴው ከታላቃችን ጋር ቀረ። ታላቃችንም ከታች እጁን አንሥቶ ሂዱ ሂዱ የሚል ምልክት አሳየን፤ እኔም ይህን ምልክት እንደ ፈቃድ ቈጠርሁት። ወዳጆቼ፥ የደከመ ሰው ሂዱ ሲል፥ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው እንድንቀር ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከላይ ደረስን። ሜዳው ሁሉ ከእግራችን በታች ተዘርግቶ፥ የመንደሩ ጢስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሜ፥ ከካህናቱ ጋር ሰላምታ ተለዋውጬ፥ ማኅሌቱ በተጀመረ ጊዜ ከመሐል ቆምሁ። የቀሩት ወንድሞቻችን ሳይመጡ አንድ ሰዓት አለፈ፥ ሁለት ሰዓት አለፈ። እኔም በአንድ ጥግ ዐርፈው ይሆናል እያልሁ ልቤን እሸነግለው ነበር።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ብርዱ አጥንቴን ዘለቀኝና ጋቢውን ከከረጢቴ አውጥቼ ተከናነብሁት። ጋቢው የምድጃ ጢስና የዕጣን ሽታ ነበረበት። ያ ሽታ ከ28 ዓመት በፊት በታላቃችን ጀርባ ላይ ታዝዬ ሳለሁ ከአንገቱ ሥር ያሸተትሁት ሽታ ነበረ። ያን ጊዜ ዐይኔ ተገለጠ። በልጅነቴ በራሱ ደበሎ ጠቅልሎ ያዳነኝ ሰው፥ ዛሬም የራሱን ጋቢ አልብሶኝ፥ በዚህ ብርድ በነጠላ ብቻ በተራራው ላይ ቀርቶአል። ጸናጽሉ በእጄ ላይ ቀረ፤ አፌም ዜማውን ተወ። ወንድሙ ያዘነበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ጌታችን በወንጌል ያዘዘውን አሰብሁ። ይህን ትእዛዝ ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! በዚያች ሌሊት ግን ለእኔ ብቻ የተነገረ መሰለኝ። መቋሚያዬን ይዤ፥ መምህሩን ጠርቼ፥ የእጅ ባትሪ አብርተን ወደ ታች ወረድን።

አንድ ሰዓት ያህል ከወረድን በኋላ ከጥድ ዛፍ ሥር እሳት ሲነድ አየን። ተሳላሚዎች አንድደውላቸው ነበር። ታላቃችን ከዛፉ ተደግፎ ተቀምጦአል፤ ነጋዴው የራሱን ኮት አልብሶት ከጐኑ ነበረ። ትንፋሹ አጭር አጭር ነበረ፤ ደረቱንም በእጁ ይዞ ነበር። ስልክ ሞክረው በዚያ ስፍራ አልሠራ ብሎአቸው ነበር። እኔም ከእግሩ ሥር ወደቅሁ። እርሱ ቀና ብሎ አየኝና፥ «ማኅሌቱ አለቀ እንዴ?» አለኝ። «አላለቀም፤ ትቼው መጣሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ጋቢውን አልብሼው ሳለሁ፥ «አንተ ልጅ፥ ብርድ አትችልም እያልሁህ ለምን አወለቅኸው?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረኝም።

በጨለማ ገደሉን ማውረድ አይቻልም ነበርና እስኪነጋ በዚያው ቆየን። ከላይ የከበሮው ድምፅ ይሰማን ነበር። ዜማው ቃሉ ተለይቶ አይሰማም፤ ታላቃችን ግን ከከበሮው አመታት የትኛው ላይ እንደ ደረሱ ያውቅ ነበርና፥ በዝግታ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ይል ነበር። እኛም ተከተልነው። ማኅሌቱን በተራራው ወገብ ላይ፥ በእሳት ዙሪያ ቆምን።

ሲነጋ ወጣቶች ተሳላሚዎች መጥተው ሁለት አግዳሚ እንጨት አቅርበው፥ ያንኑ ጋቢ ዘርግተው ቃሬዛ አበጁ። እኔ አሁንም ልቤ ወደ ላይ ነበረ። «ተሸክመን ወደ ላይ እናውጣው፤ ስእለቱ ይፈጸም፤ የቀረው ጥቂት ነው» አልሁ። ነጋዴው ተቈጣኝ። «ከንፈሩ ሲጠቍር አታይም ወይ? ከፍ ባለ ቍጥር ትንፋሹ ይብስበታል። ወደ ታች ነው፤ ወደ ሐኪም ነው» አለ። ትምህርቱ ከእኔ ያነሰ፥ ከዓለም ጋር የሚውል ያልሁት ሰው ከእኔ ይልቅ ሕግን ዐወቀ። ወረድን። ታላቃችን የዝቋላን ራስ ሳያይ ተመለሰ። ሐኪሙም ልቡ ታሞ እንደ ነበረ፥ ሳያውቀውም ብዙ ጊዜ እንደ ኖረ፥ ፈጥነን ማውረዳችንም እንደ በጀው ነገረን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው፤ ስእለቱም ሳይፈጸም ስለ ቀረ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «ስእለታችሁ ምን ነበረ?» አሉኝ። «አብረን በእግራችን እንወጣ ዘንድ ነበረ» አልኋቸው። «አንተ በእግር የሚለውን ይዘህ አብረን የሚለውን ጣልኸው። ስእለቱን ያፈረስኸው ጥለኸው ከላይ በደረስህበት ሰዓት ነው፤ የፈጸምኸውም ወደ እርሱ በወረድህበት ሰዓት ነው። አሁን ሂድ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ሰውን ጥለህ አትቅደም» አሉኝ።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፥ ይህ የአባቴ ቃል ለእኔ ብቻ የሚበቃ ስላልሆነ ለእናንተ አመጣሁት። በእርሱም ላይ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሦስት ነገር እጨምራለሁ።

አንደኛ፥ ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ዔሳው አብረን እንጓዝ ብሎት ነበር። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች መሆናቸውን፥ በጎቹና ላሞቹም የሚያጠቡ መሆናቸውን፥ አንድ ቀን ቢቸኰሉ እንደሚያልቁ ነግሮት፥ በልጆቹና በከብቶቹ እርምጃ ልክ እያዘገመ እንደሚመጣ አስታወቀው። አባቶች ሆይ፥ የቤተ ሰብ አባት እርምጃ ይህ ነው። መንገዱን የሚለካው የብርቱው እግር ሳይሆን የደካማው እግር ነው። ከአራት ሰዎች ሦስቱ ቢደርሱ አራቱ ደረሱ አይባልም።

ሁለተኛ፥ በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ሽባውን ሰው በአልጋ ተሸክመው ወደ ጌታችን ያመጡት አራት ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ መንገድ ቢከለክላቸው ጣራውን አፍርሰው አወረዱት። ጌታችንም የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ለሽባው ኀጢአቱን እንደ ተወለት እናነባለን። ልብ አድርጉ፤ ወደ ጣራው ወጥተው የነበሩት አራቱ ከጌታችን ፊት የደረሱት ደካማውን ወደ ታች በማውረድ ነው። መውረድ ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም፤ ወንድምን ለማዳን የሚወረድ ቍልቍለት ከዳገት ይልቅ ወደ እግዚአብሔር ያቀርባል።

ሦስተኛ፥ ጌታችን ወደ ደብረ ታቦር በወጣ ጊዜ ጴጥሮስን፥ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወጣ፤ የቀሩት ደቀ መዛሙርት ከተራራው ግርጌ ቀሩ። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ሲተረጕሙ፥ በርእሰ ደብር ላሉት የተገለጸው ምሥጢር በእግረ ደብር ላሉትም ተገልጾላቸዋል ይላሉ። እኔ ይህን ትርጓሜ በልጅነቴ ተምሬው ነበር፤ ምሥጢሩን ያስተዋልሁት ግን በጥድ ዛፍ ሥር ታላቃችን ከከበሮው ድምፅ ብቻ ማኅሌቱን ሲከተል ባየሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ ዛሬ በሕመም ምክንያት ከአልጋ የዋላችሁ፥ ጕልበታችሁ ደክሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መድረስ ያልቻላችሁ፥ ቅዳሴውን ከሩቅ የምትሰሙ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ከታች ቀረን ብላችሁ አትዘኑ። የሁላችን አምላክ ከላይም ከታችም አንድ ነው። ጴጥሮስ በተራራው ላይ ዳስ ሠርተን እንቀመጥ ባለ ጊዜ ጌታችን በዚያ አላስቀራቸውም፤ ይዟቸው ወረደ፤ ከታችም የታመመ ልጅና የሚያለቅስ አባት ይጠብቁት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ተራራ ለመውጣት ለምታስቡ፥ ይልቁንም ዕድሜያችሁ ከአርባና ከሃምሳ ላለፈ፥ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። ሥጋችን የእግዚአብሔር ማደሪያ ነውና ስለ እርሱ መጠንቀቅ ከመንፈሳዊ ነገር የራቀ አይደለም።

ከመሄዳችሁ አስቀድሞ ሐኪም ይያችሁ፤ ልባችሁንና የደም ግፊታችሁን ይመርምር። ከጕዞው ሳምንታት አስቀድማችሁ በየቀኑ በእግር መሄድን ልመዱ። ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ እንደሚሳሳ ዕወቁ፤ በ3,000 ሜትር ገደማ ሰው የሚተነፍሰው አየር ከባሕር ዳር ካለው ሲሶው ያህል ይሳሳል፤ 4,550 ሜትር ከፍታ ባለው በራስ ዳሽን ላይማ እጅግ ይብሳል። ስለዚህ ወደ እንደዚህ ያለው ተራራ የሚወጣ ሰው እያደረ፥ ሰውነቱን እያለማመደ ይውጣ። ውኃና የሌሊት ልብስ ያዙ፤ መቋሚያም ለማኅሌት ብቻ አይደለም፥ ለጕልበትም ይረዳል። ደረቱን የጨነቀው፥ ዐርፎም ትንፋሹ አልመለስ ያለው፥ ከንፈሩ የጠቈረ ወይም የዞረበት ሰው ቢኖር፥ የቀረው መንገድ ምንም ያህል ቢያንስ ወደ ላይ አትውሰዱት፤ ወደ ታች፥ ወደ ሐኪም አውርዱት። ጥርጊያ መንገድ ባለበትም የደከመ ሰው በመኪና ወይም በበቅሎ ቢወጣ አታሳፍሩት፤ ደጉ ሳምራዊም የቈሰለውን ሰው በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦታልና።

ከሁሉ በላይ፥ ወደፊት ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ኋላ ተመልከቱ። ይህንም የምለው ስለ ዝቋላ ብቻ አይደለም። ትዳር ተራራ ነው፤ ባል በትምህርትና በሥራ ሲወጣ ሚስቱን በግርጌው ጥሎ የሚሄድ አለ። ሀብት ተራራ ነው፤ ወደ ከተማ ወጥቶ፥ ቤት ሠርቶ፥ ያስተማረውን ታላቅ ወንድም በገጠር የረሳ አለ። ክህነትም ሳይቀር ተራራ ነው፤ በደንብ እየቀደሰ፥ በደንብ እያሸበሸበ፥ የንስሐ ልጁ መታመሙን የማያውቅ ካህን አለ። እኔ እንዲህ ነበርሁ። እያንዳንዳችን የለበስነው ጋቢ የማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ማን አዝሎን ነው ከዚህ የደረስነው? እርሱስ ዛሬ የት ነው? በሕይወት ካለ፥ ዛሬውኑ እንፈልገው።

እግዚአብሔር ለእኔ ጥቂት ዕድሜ ጨመረልኝ ብዬ የማመሰግነው ስለዚህ ነው። ታላቃችን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። በየዓመቱ ጥቅምት 5 ቀን አራታችን በሜዳ ላይ ባለች የጻድቁ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ ነበር፤ እርሱ በመኪና መጥቶ በወንበር ተቀምጦ፥ እኛ በዙሪያው ቆመን እናስቀድስ ነበር። አንድ ጊዜ፥ «ዝቋላን ሳላይ መሞቴ ነው» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አጥቼ ዝም አልሁ። እርሱም ፈገግ ብሎ፥ «ግድ የለም፤ ከበሮውን ሰምቻለሁ» አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ዐረፈ። በተገነዘ ጊዜ ያ ጋቢ በላዩ ነበረ።

ከእኛ ጕዞ በኋላ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከዚያው ከዝቋላ ገዳም አባቶች መነኮሳት በግፍ እንደ ተገደሉ ሰምታችኋል። በጸሎታችሁ አትርሷቸው፤ ለገዳሙም ለአገራችንም ሰላምን ለምኑ።

ቸሩ አምላካችን በድካማችን ጊዜ የሚደግፈን ወንድም አያሳጣን። እኛንም ወንድማችን በደከመ ጊዜ የምንወርድ ያድርገን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃ፥ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።